ዘግይቶ የደረሰ መከር

የታገሠ ሰው ዋጋውን አያጣም የሚለው እምነት በየሕዝቡ ተረትና ምሳሌ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። በአማርኛም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። አባባሉ ለሰሚው ተስፋ ይሰጣል፤ ትምህርቱም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ጠጋ ብሎ ለመረመረው ያልተመለሰ ጥያቄ ይዟል። ለመሆኑ እንቁላል ሁሉ እግር ያወጣል ወይ? ሙቀት አጥቶ የቀረው፣ ከጎጆው ተንከባሎ የተሰበረውስ ምን ይባላል? ትዕግሥት በራሷ ውጤት የምታስገኝ ብትሆን ኖሮ የታገሠ ሁሉ በደረሰ ነበር። የታገሠ ሁሉ ግን አይደርስም። እንግዲያው የደረሰው ሰው የደረሰው በትዕግሥቱ ነው ወይስ በዕድሉ? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች መከራከሪያ ብቻ ተብሎ የሚተው አይደለም። አባት ልጁን፣ መምህር ተማሪውን፣ የተውኔት አዘጋጅ ወጣቱን ተዋናይ «ጠብቅ፤ ቀንህ ይመጣል» በሚልበት ጊዜ የሚሰጠው ቃል እውነት ነው ወይስ ማባበያ የሚለው ጉዳይ የሚወሰነው በዚሁ ጥያቄ መልስ ነው።

ነገሩን በባዶ አሳብ ከመመርመር በአንድ ሰው ሕይወት ላይ መመርመር ይሻላል። ለዚህም የአውስትራሊያዊው የክሪኬት ተጫዋች የአዳም ቮጅስ ታሪክ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ቮጅስ በ1979 በምዕራብ አውስትራሊያ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለአገሩ በታላቁ የክሪኬት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ግን 35 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ይህ ዕድሜ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ መምቻቸውን ሰቅለው የወጣቶችን ጨዋታ ከዳር ሆነው የሚመለከቱበት ነው።

ክሪኬት በአገራችን እምብዛም የማይዘወተር ጨዋታ ስለሆነ ስለ ሥርዓቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች አሉ። መቺው በሦስት ቀጫጭን ካስማዎች ፊት መምቻውን ይዞ ይቆማል፤ የተቃራኒው ወገን ወርዋሪ ጠንካራ ኳስ ወደ እርሱ ይሰዳል። የመቺው ግዴታ ሁለት ነው፤ በአንድ በኩል ካስማዎቹን ከኳሱ መጠበቅ፣ በሌላ በኩል ኳሱን መትቶ በሜዳው መካከል እየተመላለሰ ነጥብ ማስቆጠር። ኳሱ ካስማውን ከመታው፣ ወይም እርሱ የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ መቺው ይወጣል፤ በዚያ ተራ አይመለስም። እንግዲህ ለሰዓታት ሳይሳሳት የቆየን ሰው ለማስወጣት አንዲት ስሕተት ትበቃለች። ቴስት የሚባለው ከፍተኛው ውድድር በአገሮች መካከል የሚካሄድ ሲሆን እስከ 5 ቀን ይወስዳል። በአንድ ተራ 100 ነጥብ ማስቆጠር ትልቅ ክብር ነው። የመቺው የሙያ ደረጃ የሚለካው ያስቆጠረው ነጥብ በወጣበት ጊዜ ብዛት ሲካፈል በሚገኘው አማካይ ነው። ከ50 በላይ አማካይ ያለው ሰው ከታላላቆቹ ይቆጠራል። በዚህ ረገድ ወደር ያልተገኘለት አውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን ሲሆን አማካዩ 99.94 ነው።

ቮጅስ ለምዕራብ አውስትራሊያ መጫወት የጀመረው በ2002 ነበር። በ2006 መጨረሻ ዴሚየን ማርቲን የተባለው ታዋቂ መቺ በድንገት ከጨዋታ ዓለም ሲሰናበት የ27 ዓመቱ ቮጅስ ወደ ብሔራዊው ቡድን ተጠራ። በሩ ገርበብ አለ፤ ነገር ግን ወዲያው ተዘጋ። በቡድኑ ስም ዝርዝር ውስጥ ገባ እንጂ ወደ ሜዳው አልገባም። ከ2007 ጀምሮ በአንድ ቀን በሚያልቁት ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች አልፎ አልፎ ተሰልፏል፤ የቴስቱ ደጅ ግን እንደተዘጋ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ተኩል ያህል አለፈ። በእነዚህ ዓመታት ከእርሱ በዕድሜ የሚያንሱ እየተመረጡ ገቡ፤ አንዳንዶቹም ገብተው ወጡ። እርሱ በክፍለ አገሩ ሜዳ ላይ ሥራውን ቀጠለ። በ2014 እና 2015 የውድድር ወቅት ሼፊልድ ሺልድ በሚባለው የአገር ውስጥ ውድድር 1,358 ነጥብ በ104.46 አማካይ አስቆጠረ። ከዚህ በኋላ መራጮቹ ሊያልፉት አልቻሉም።

በጁን 2015 በዶሚኒካ ደሴት፣ በሮዞ ከተማ፣ አውስትራሊያ ዌስት ኢንዲስን ገጠመች። ቮጅስ በዚያ በመጀመሪያው ቴስቱ ሳይወጣ 130 ነጥብ አስቆጠረ። በመጀመሪያ ቴስቱ 100 ካስቆጠሩት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እርሱ ሆነ። በዚህ ድል ውስጥ ግን ሊታለፍ የማይገባው አንድ ጉዳይ አለ። ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ሲወጡ በመጨረሻ ከጎኑ የቀረው ጆሽ ሄዝልውድ ነበር፤ እርሱም ሙያው መወርወር እንጂ መምታት አይደለም። ሁለቱ ተረዳድተው 97 ነጥብ ጨመሩ። ሄዝልውድ ቶሎ ቢወጣ ኖሮ የቡድኑ ተራ በዚያው ያበቃ ነበር። ስለሆነም 13 ዓመት የተጠበቀው ክብር በመጨረሻው ሰዓት በሌላ ሰው ጽናት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከሁሉም ግምት በላይ ነበር። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ሜዳዎች ተፈትኖ በአምስት ቴስቶች 201 ነጥብ ብቻ በማግኘቱ ሊሰናበት ነው ቢባልም፣ በዲሴምበር 2015 በሆባርት ከተማ በዌስት ኢንዲስ ላይ ሳይወጣ 269 አስቆጠረ፤ ከሾን ማርሽ ጋር ሆነውም 449 ነጥብ በመደመር በአራተኛው ጥምረት የቴስት ክብረ ወሰን ሰበሩ። በሜልበርን ሳይወጣ 106 ጨመረ። በፌብሩዋሪ 2016 ደግሞ በኒውዚላንድ ዋና ከተማ በዌሊንግተን 239 አስቆጠረ። ከአንድ መውጣት እስከ ሌላ መውጣት ድረስ የሰበሰበው ነጥብ 614 ደረሰ፤ ቀድሞ ክብረ ወሰኑን ይዞ የነበረው የሕንዱ ሳቺን ቴንዱልካር ሲሆን የእርሱ 497 ነበር። በዌሊንግተኑ ጨዋታ መካከል የቮጅስ አማካይ ለጥቂት ጊዜ ከብራድማን 99.94 በላይ ሆኖ ነበር።

ውድቀቱም እንደ ዕድገቱ ፈጣን ነበር። በ2016 በስሪላንካና ከደቡብ አፍሪካ ጋር በተደረጉት አምስት ቴስቶች 10 ጊዜ ወጥቶ ያስቆጠረው 148 ነጥብ ብቻ ነው። በኖቬምበር ወር በአገር ውስጥ ጨዋታ ኳስ ራሱን መታው፤ ወደ ቴስት ሜዳ ዳግመኛ አልተመለሰም። በ2017 መጀመሪያ ከዓለም አቀፍ ጨዋታ መሰናበቱን አስታወቀ። የቴስት ዕድሜው ከ18 ወር አይበልጥም። በ20 ቴስት 1,485 ነጥብና 5 መቶዎች፣ እንዲሁም 61.87 አማካይ ትቶ ሄደ።

ይህን ታሪክ ለልጆች የሚተርክ ሰው ትምህርቱ ቀላል ይመስለዋል፤ ጠበቀ፣ ሠራ፣ ደረሰ ይላል። ዳሩ ግን የዌሊንግተኑ ቀን ይህን ቀላል ትምህርት ያውካል። በዚያ ጨዋታ ቮጅስ ገና 7 ነጥብ ላይ እያለ ዳግ ብሬስዌል የወረወረው ኳስ ሾልኮ ካስማውን መታው። እንደ ሥርዓቱ ቢሆን አብቅቶለት ነበር። ነገር ግን ዳኛው ወርዋሪው በእግሩ መሥመሩን አልፏል ብሎ ውርወራውን ሽሮት ነበር። ኋላ በተንቀሳቃሽ ምስል ሲታይ የወርዋሪው እግር ከመሥመሩ አላለፈም። የተሻረው ውርወራ ግን በደንቡ መሠረት ሊመለስ አልቻለም፤ ምክንያቱም መቺው የዳኛውን ጥሪ ሰምቶ አመታቱን ሊለውጥ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ቮጅስ በሜዳው ቆየ፤ 232 ነጥብ ጨመረ። አውስትራሊያም በሰፊ ልዩነት አሸነፈች።

እነዚህ 232 ነጥቦች የማን ናቸው? በ1976 ሁለት ፈላስፎች፣ እንግሊዛዊው በርናርድ ዊልያምስና አሜሪካዊው ቶማስ ኔግል፣ በአንድ ጉባኤ ላይ ተገናኝተው በሥነ ምግባር ውስጥ ዕድል ስላለው ስፍራ ጽሑፍ አቅርበው ነበር። ከእነርሱ ቀደም ብሎ ካንት የሰው ዋጋ የሚለካው በቅን ፈቃዱ እንጂ በውጤቱ አይደለም ብሎ አስተምሯል። ሁለቱ ፈላስፎች ያነሡት ችግር፣ ሰዎች በዕለት ኑሮአቸው የሚፈርዱት እንደ ካንት ትምህርት አለመሆኑ ነው። የተሳካለትን እናወድሳለን፣ ያልተሳካለትን እንረሳለን፤ ሁለቱም እኩል ቢደክሙ እንኳ።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ይህን ያስረዳሉ። ዳኛው ባይሳሳት፣ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ቢሆን፣ የቮጅስ አማካይ ወደ 52 ዝቅ ይል ነበር። በዌስት ኢንዲስ ላይ ብቻ 542 ነጥብ ሲያስቆጥር የወጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ይህ ቡድን ደግሞ በዚያን ጊዜ ጉልበቱ የደከመ ነበር። ከዌስት ኢንዲስ ውጭ ባሉት ጨዋታዎች አማካዩ 41 ነው። እንግዲህ 61.87 የሚለው ቁጥር እውነት ነው፤ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን በውስጡ የአንድ ሰው ችሎታ፣ የአንድ ዳኛ ስሕተት፣ የአንድ ተጋጣሚ ድካምና የባልደረቦች እገዛ ተቀላቅለዋል። የትኛውም የሰው ስም ዝና ቢመነዘር ከዚህ የተለየ አይገኝበትም።

ከዚህ በመነሣት ሁሉም ነገር ዕድል ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ዝናብ ያላረሰን አያበላም። የዳኛው ስሕተት ለቮጅስ የሰጠው አንድ ተጨማሪ ኳስ ነው፤ 232ቱን ነጥብ አልሰጠውም። ያንን ተጨማሪ ኳስ ተቀብሎ ለረዥም ሰዓት ሳይሳሳት የቆመው ለዓመታት ባዶ በሆኑ ሜዳዎች ላይ የተለማመደው ክንድ ነው። አራሹ ዝናቡን ማዘዝ አይችልም፤ ዝናቡም ያልታረሰውን መሬት አዝመራ ማልበስ አይችልም። ስለዚህ ለጥያቄው ትክክለኛው አነጋገር «ትዕግሥት ወይስ ዕድል» የሚለው ሳይሆን፣ ከሁለቱ ሰው ሊጠየቅበት የሚገባው የቱ ነው የሚለው ነው። በእርሻው ይጠየቃል፤ በዝናቡ አይጠየቅም። በእርሻው ይመሰገናል፤ በዝናቡ ግን ሊመካ አይገባም። ቮጅስ ስሕተቱን አላደረገውም፣ አልደበቀውም፣ ሊመልሰውም ሥልጣን አልነበረውም፤ ስለሆነም ዕዳ የለበትም። ከዕዳ ያነሰ፣ ነገር ግን እውነተኛ የሆነ ግዴታ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው ሰው ሁሉ አለበት። ይኸውም የተሰጠውንና የሠራውን ለይቶ ማወቅ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ብሬስዌል አለ፤ ካስማውን በትክክል የመታ፣ ነገር ግን በመዝገብ ላይ ያልተጻፈለት ሰው። የአንዱ ዝናብ ለሌላው ጎርፍ እንደሚሆን መርሳት ነውር ነው።

ያልዘነበላቸውስ? ታሪክ የሚጽፈው የደረሱትን ስለሆነ ትዕግሥት ሁልጊዜ የምትከፍል ትመስላለች። በዚያው በአውስትራሊያ ማይክል ሃሲ በ2005 በ30 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴስት ሲሰለፍ በታችኛው ደረጃ 15,313 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር፤ በኋላም 79 ቴስት ተጫውቶ ስሙ ገነነ። ከእርሱ በፊት የነበረው ጄሚ ሲደንስ ግን በሼፊልድ ሺልድ ከ10,000 በላይ ነጥብ አስቆጥሮ አንድም ቴስት ሳይጫወት አለፈ። ስቱዋርት ሎው በዲሴምበር 1995 በፐርዝ አንድ ቴስት ተጫወተ፤ 54 አስቆጥሮ ሳይወጣ ቀረ። ዳግመኛ አልተጠራም። በቴስት ሜዳ ማንም አላስወጣውምና አማካይ እንኳ የለውም፤ ቁጥሩን የሚያካፍሉበት ቁጥር ጠፋ። በዚያው ጨዋታ ከእርሱ ጋር የጀመረው ሪኪ ፖንቲንግ 168 ቴስት ተጫወተ። ሎው በሕይወት ዘመኑ በከፍተኛው ደረጃ በጠቅላላው ከ27,000 በላይ ነጥብ አስቆጥሯል። ስለ ሎው ትዕግሥት የሚተርክ ግን የለም፤ መጨረሻው አያምርምና።

ከእነዚህ ሁሉ ደግሞ ፈጽሞ የሚለይ ሌላ ዓይነት መዘግየት አለ። ኤዲ ጊልበርት የአውስትራሊያ ቀደምት ነዋሪዎች ወገን የሆነ የኩዊንስላንድ ፈጣን ወርዋሪ ነበር። በ1931 በብሪዝበን ታላቁን ብራድማንን ያለ አንዳች ነጥብ አስወጣው። ይሁን እንጂ በዘመኑ የነበረው ሕግ እንደ እርሱ ያለ ሰው ከተመደበበት ሰፈር ያለ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክል ስለነበር ለመጫወት እንኳ በጽሑፍ ፈቃድ መለመን ነበረበት። አንድም ቴስት ሳይሰለፍ በ1978 ሞተ። ጊልበርትን «ታገሥ» ማለት ምን ማለት ይሆን ነበር? ለቮጅስ የዘገየው ዝናብ ነው፤ በጊልበርት ፊት የቆመው ግን አጥር ነው። ዝናብን መጠበቅ ጥበብ ነው፤ በሰው እጅ የተሠራን አጥር እንደ ዝናብ መጠበቅ ግን ለአጥር ሠሪው ማገልገል ነው። ስለዚህ የትዕግሥት ምክር ሲሰጥ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ከማን አፍ እንደወጣ ነው። ከባልንጀራ አፍ ሲወጣ ማጽናኛ ይሆናል። በሩን ዘግቶ ቁልፉን ከያዘው ሰው አፍ ሲወጣ ግን በደልን በምግባር ስም መሸፈን ነው።

እንግዲህ ወጣቱን «ጠብቅ፤ ቀንህ ይመጣል» የሚል ሰው የማያውቀውን ተስፋ ይሰጣል። ቀኑ ላይመጣ ይችላል። ትዕግሥት ለነገ የተሰጠ ብድር ተደርጎ ከታየ፣ ነገ ሳይከፍል ሲቀር አበዳሪው ዕድሜውን እንደተዘረፈ ይቆጥረዋል፤ ምሬትም ይወርሰዋል። የጥንቶቹ ስቶይኮች በዚህ ጉዳይ ላይ የቀስተኛን ምሳሌ ይሰጡ ነበር፤ ዐላማውን መምታት ሙሉ በሙሉ በቀስተኛው እጅ አይደለም፣ በእጁ ያለው በሚገባ ማነጣጠር ነው ይሉ ነበር። ይህ አሳብ ለቀስተኛው ብቻ ከተተወ ግን ጎዶሎ ነው። ቀስተኛውን በሚገባ አነጣጥር ማለት ትክክል የሚሆነው ዐላማው በሐቅ ሲቆምለት ነው። ስለሆነም ግዴታው ከሁለት ወገን ነው። ሠሪው ሥራውን ለሥራው ክብር ሲል ይሥራ፤ በሩን የሚጠብቀው ደግሞ የደጅ ጠኚውን ዕድሜ፣ ዘርና ወዳጅ ሳይሆን ሥራውን ይመልከት። በ2015 የአውስትራሊያ መራጮች ሊመሰገኑ የሚገባቸው ቮጅስ ስለተሳካለት አይደለም፤ ያ አስቀድሞ የሚታወቅ አልነበረም። የሚመሰገኑት በ35 ዓመቱ ሰው ፊት የቀረበላቸውን ሥራ አይተው በሩን ስለ ከፈቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ያለ አንዳች ነጥብ ቢወጣ እንኳ ፍርዳቸው ትክክል ሆኖ ይቀር ነበር።

አዳም ቮጅስ በ2018 የምዕራብ አውስትራሊያ ቡድን አሠልጣኝ ሆነ። ቡድኑ ከ1999 ወዲህ ያጣውን የሼፊልድ ሺልድ ዋንጫ በ2022፣ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ ወሰደ። ይህ ሁሉ በመዝገብ ተጽፏል። በመዝገብ ያልተጻፈው፣ ነገር ግን ከ61.87 ይልቅ የሚከብደው፣ አሠልጣኝ በየሳምንቱ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ዓመታት ደጅ የጠና ሰው ራሱ ደጅ ጠባቂ በሚሆንበት ጊዜ፣ በስም ዝርዝሩ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ዕድሜው የገፋውን፣ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ የወደቀውን ሰው ስም ከመሰረዙ በፊት ሥራውን አንድ ጊዜ ደግሞ የማየት ግዴታ አለበት። የዘገየ መከር ለሌላው ዘር የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።